ከቴሌቪዥን በላይ ለድምፅ ማጉያ የሚሆን መደርደሪያ በአነስተኛ ወጪ መሥራት

ቴሌቪዥን ከዓመት ዓመት እየቀጠነ ሲሄድ ድምፁም አብሮት ቀጥኗል። በድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን ላይ ድምፅ ማጉያው ብዙ ጊዜ ከፊት ለፊት ወደ ተመልካቹ ዞሮ ይቀመጥ ነበር። በአሁኑ ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ግን ቦታ ስለሌለ ትንንሾቹ ድምፅ ማጉያዎች ከሥር ወይም ከጀርባ ይገባሉ። ድምፁ መጀመሪያ ከጠረጴዛው ወይም ከግድግዳው ጋር ይጋጭና ከዚያ ተመልሶ ነው ጆሮ የሚደርሰው። ምስሉ እንደ መስታወት እየጠራ ንግግሩ የሚደናገረው በዚህ ምክንያት ነው። ወጣቱ ከሥር የሚያልፈውን የዕብራይስጥ ጽሑፍ እያነበበ ይከተላል። ዕብራይስጥ ማንበብ ላልለመዱ አባቶችና እናቶች ግን ዜናው የሚገባው በጆሮ ብቻ ነው፤ ድምፁ ካልጠራ ቴሌቪዥኑ ለእነሱ ስዕል ሆኖ ይቀራል።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፦ ከቴሌቪዥኑ ውጭ የሆነ ድምፅ ማጉያ፣ ረጅሙና ቀጭኑ ሳውንድባር ወይም ለንግግር ተብሎ የሚሠራው የመካከል ድምፅ ማጉያ፣ ፊቱን ወደ ሰሚው አዙሮ ማስቀመጥ። ለዚህ የሚሆን መደርደሪያ ተሠርቶ ይሸጣል። ነገር ግን አንድ ቁራጭ ጣውላ፣ ሁለት የብረት ማዕዘንና ስምንት ብሎን ያለው ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ራሱ ሊሠራው ይችላል። በዚህ ሥራ ርካሹና ቀላሉ ነገር እንጨቱ ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው ግድግዳው ነው፤ መደርደሪያው ከውድ ስክሪን በላይ፣ አንዳንዴም ምንጣፍ ላይ ከሚጫወት ሕፃን በላይ ነውና የሚሰቀለው።

ለምን ከላይ?

ድምፅ ማጉያው ከስክሪኑ በታች ቢቀመጥም ይሠራል። ጠረጴዛው ባዶ ከሆነ እንዲያውም ያ ይመረጣል። ችግሩ የሳሎን ጠረጴዛ ባዶ ሆኖ አለማወቁ ነው። የቴሌቪዥኑ ማሚር፣ የልጆች የምረቃ ፎቶ፣ አበባው፣ የሻማ ማስቀመጫው ሁሉ የሚደረደረው እዚያው ነው፤ ቡና በሚፈላበት ቀን ደግሞ ረከቦቱ ከነስኒዎቹ ከፊቱ ይቀመጣል። ከላይ ሲሆን ግን በድምፅ ማጉያውና በሰሚው ጆሮ መካከል የሚቆም ነገር የለም።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም ለመረዳት ንግግር እንዴት እንደሚሰማ ማወቅ ይረዳል። በንግግር ውስጥ ጉልበት ያለው አናባቢው ነው፤ ቃልን ከቃል የሚለየው ግን በአብዛኛው ተነባቢው ነው። ተነባቢዎችን የሚለየው ድምፅ ቀጭን ነው፤ ብዙው ከ2000 እስከ 4000 ኸርዝ ባለው መጠንና ከዚያም በላይ ይገኛል። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ መጀመሪያ መስማት የሚያቅተው ይህንኑ ቀጭን ድምፅ ነው። በአማርኛ ጉዳቱ በግልጽ ይታያል። «መጣ» እና «መታ»፣ «ጠራ» እና «ተራ»፣ «ቀሰሰ» እና «ከሰሰ» የሚለያዩት በአንድ ተነባቢ ብቻ ነው። ሰውዬው ቀሰሰ ሲባል ከሰሰ ብለው የሰሙ አዛውንት የቀረውን ዜና በሙሉ በሌላ መንገድ ይተረጉሙታል፤ ከዚያ በኋላ እሳቸውን ማሳመን ቀላል አይሆንም።

ወፍራም ድምፅ እንደ ጭስ በየአቅጣጫው ይዞራል። ቀጭን ድምፅ ግን እንደ ባትሪ መብራት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ያልተነጣጠረበትም ቦታ በደንብ አይደርስም። ስለዚህ የድምፁን መጠን መጨመር ብቻ ነገሩን አይፈታውም። አናባቢውም አብሮ ስለሚጨምር ቤቱ ይጮኻል፣ ጎረቤት ይቆጣል፣ ቃሉ ግን እንደተደናገረ ይቀራል። ድምፁን ወደ ጆሮ ማነጣጠር ከመጨመር ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። አባባ ወይም እማማ ማዕድ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚነገራቸውንም ነገር ደጋግመው የሚያስመልሱ ከሆነ መደርደሪያው መልስ አይሆንም። መጀመሪያ የሚሄዱት በቁፓት ሖሊም በኩል ወደ ጆሮ ምርመራ ነው።

ከፍታውና ዝንባሌው

ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከወለሉ 100 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። በሜትር መለካቱ አይከፋም፤ የሚለካውም ለመስማት የሚቸገረው ሰው በለመደበት ቦታ እንደተቀመጠ ነው። 43 ኢንች ቴሌቪዥን 97 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋትና 56 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት አለው። 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ጠረጴዛ ላይ ከነእግሩ ሲቀመጥ ጫፉ ወደ 112 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ በቴሌቪዥኑ ጫፍና በመደርደሪያው መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል። በዚህ ስሌት የድምፅ ማጉያው መካከለኛ ክፍል 130 ሴንቲ ሜትር ላይ ይውላል፤ ከጆሮ በ30 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል ማለት ነው።

ሶፋው 3 ሜትር የሚርቅ ከሆነ 30ን ለ300 ማካፈል ነው፦ አንድ አስረኛ። ይህም ማለት ከድምፅ ማጉያው ጥልቀት በየ10 ሴንቲ ሜትሩ የኋላው ጠርዝ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላለው 2 ሴንቲ ሜትር፣ 9 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ለሆነው ሳውንድባር 1 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። መደርደሪያው ራሱ ቀጥ ብሎ ይገጠምና ከኋላ በኩል ቀጭን የእንጨት ቁራጭ ይለጠፍበታል። መደርደሪያውን አዘንብሎ መግጠም አይመከርም፤ ነገ ድምፅ ማጉያው ቢለወጥ ዝንባሌውም ይለወጣልና።

ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ድምፅ ማጉያው 175 ሴንቲ ሜትር ላይ ከዋለ የከፍታ ልዩነቱ 75 ይሆናል፤ ዝንባሌውም አንድ አራተኛ፣ ለ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት 5 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። እንዲህ ያዘነበለ ዕቃ ወደፊት መንሸራተት ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ መደርደሪያውን ከቴሌቪዥኑ በታች መስቀል ብልህነት ነው።

ግድግዳውን ማወቅ

ቂርያት ሃዮቨል የተመሠረተው በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ቀድሞ ቤት ማዝሚል የተባለ መንደር በነበረበት ኮረብታ ላይ ነው። «ዮቨል» የሚለው ስም በ1901 የተቋቋመው የቄረን ቃየሜት 50ኛ ዓመት መታሰቢያ ነው። ከዚያ ዘመን ጀምሮ የተሠሩት ረጃጅም ሽኩኖች አሁንም ብዙ ናቸው። ከአጠገባቸው ደግሞ በፒኑይ ቢኑይ የሚተኩ አዳዲስ ፎቆች እየወጡ ነው። በዚህም የተነሳ በአንድ መንገድ ላይ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ ጭምር፣ የተለያየ ግድግዳ ያጋጥማል። ከውጭ ሲታይ ሁሉም ድንጋይ ለብሷል፤ ኢየሩሳሌም ውስጥ ሕንፃ በድንጋይ እንዲለበስ የታዘዘው ከእንግሊዞች አስተዳደር ጀምሮ ነውና። ብሎን የሚይዘው ግን የውጩ ድንጋይ ሳይሆን የውስጡ ግድግዳ ነው።

ግድግዳን ለማወቅ መጀመሪያ በጣት አንጓ ይንኳኳል። ድምፁ ደረቅና ድፍን ከሆነ ቤቶን ወይም ብሎኬት ነው፤ እንደ ከበሮ ባዶ ከሆነ ጌቬስ የሚባለው የጂብሰም ሰሌዳ ነው። እርግጠኛው ምልክት ግን ከመሰርሰሪያው የሚወጣው ዱቄት ነው። ሁሉም ግድግዳ መጀመሪያ የልስን ዱቄት ያወጣል፤ መታየት ያለበት ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው።

ግራጫና ላመ ያለ ዱቄት እያወጣ ፑንታው አልገባ ብሎ የሚታገል ከሆነ ቤቶን ነው። ተራ መሰርሰሪያ እዚህ ያቃጥላል እንጂ አይበሳም፤ እየመታ የሚበሳው፣ በዕብራይስጥ ፓቲሾን የሚባለው ያስፈልጋል። ቤቶን አስቸጋሪ ቢሆንም አንዴ ከተበሳ የማያሳፍር ግድግዳ ነው። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ተራ ዲቤል፣ አዲስ አበባ ላይ ፊሸር የሚባለው፣ በቂ ነው።

ዱቄቱ ግራጫና ሸካራ ሆኖ ከሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር በኋላ ፑንታው ድንገት ወደ ባዶ ቦታ የሚገባ ከሆነ ብሎኬት ነው። የብሎኬት ግድግዳው ስስ፣ መካከሉ ክፍት ነው። እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመሰርሰሪያውን መምቻ ሳያጠፋ በመቀጠሉ ነው። ምቱ የብሎኬቱን ስስ ግድግዳ ከውስጥ በኩል ያፈርሰዋል፤ ከውጭ ቀዳዳው ደህና ይመስላል፣ ዲቤሉ ግን የሚይዘው ነገር የለም። መምቻው ጠፍቶ በመዞር ብቻ ይበሳል፤ ዲቤሉም ረዘም ያለና ብሎኑ ሲጠብቅ ውስጥ የሚቋጠረው ዓይነት ይሁን።

ነጭና ለስላሳ ዱቄት እያወጣ ያለ ትግል የሚበሳ ድፍን ግድግዳ ኢቶንግ የሚባለው ቀላል ብሎክ ነው፤ የራሱ ዲቤል አለው፣ ተራው ይፈታል። ጌቬስም ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ነገር ግን ከአንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር በኋላ ባዶ ነው። በጌቬስ ላይ ተራ ዲቤል ፈጽሞ አይሆንም። ወይ ከሰሌዳው ጀርባ የቆመውን የብረት ዘንግ ፈልጎ እዚያ ላይ ማሰር፣ ወይም ከኋላ እንደ ክንፍ የሚከፈተውን ዲቤል ፓርፓር መጠቀም ነው። ዘንጉ በቀላሉ ይገኛል፦ ትንሽ ማግኔት ግድግዳው ላይ ቀስ ብሎ ሲንሸራተት ሰሌዳውን የያዙት ብሎኖች ላይ ይጣበቃል፣ ብሎኖቹ ያሉትም ዘንጉ ላይ ነው።

ሁለት ግድግዳዎች ለብቻቸው ይታዩ። አንደኛው የማማድ ግድግዳ ነው። ከ1991 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ በተሠሩ ሕንፃዎች ውስጥ ያለው ይህ ክፍል ከወፍራም ቤቶንና ብረት የተሠራ ነው፤ ቤተሰቡ በሳይረን ጊዜ የሚጠለለውም እዚያ ነው። ለድምፅ ማጉያ ተብሎ የመጠለያን ግድግዳ መብሳትም ሆነ ከሰው ራስ በላይ ከባድ ዕቃ መስቀል ትርፍ የለውም፤ ቴሌቪዥኑ እዚያ ከሆነ ከታች የተገለጸው ግድግዳ የማይነካው መደርደሪያ ይሠራ። ሁለተኛው የጥንት የድንጋይ ቤት ግድግዳ ነው። ቂርያት ሃዮቨል ላይ የተለመደ አይደለም፤ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ባለችበት በኢትዮጵያ መንገድ አካባቢ ለሚኖር ግን የዕለት ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለው ግድግዳ ሁለት የድንጋይ ገጽ ኖሮት መካከሉ በጠጠርና በጭቃ ወይም በኖራ የተሞላ ነው። የሚበሳው ድንጋዩን እንጂ መጋጠሚያውን አይደለም ብሎ የሚከራከር አለ፣ ተቃራኒውን የሚልም አለ። መጋጠሚያው አሮጌና የሚፈረፈር ከሆነ ድንጋዩ፣ ጠንካራ ከሆነ መጋጠሚያው መመረጡ ያስኬዳል፤ መጋጠሚያ ሲበሳ ድንጋይ የመሰንጠቅ ዕድሉ ያንሳልና።

በማንኛውም ግድግዳ ላይ ከሶኬት በላይ፣ ከሶኬት በታችና ከሶኬት ጎን በቀጥታ አይበሳም። የኤሌክትሪክ ሽቦ ግድግዳ ውስጥ በቱቦ ሆኖ የሚያልፈው አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ወይም አግድም ስለሆነ ነው። ከቴሌቪዥን ጀርባ ሶኬት መኖሩ የማይቀር ነው፤ ስለዚህ የማዕዘን ብረቶቹ ከሶኬቱ ግራና ቀኝ ራቅ ብለው ይገጠሙ። በሌላ በኩል መታጠቢያ ቤት ያለበት ግድግዳ ደግሞ የውሃ ቱቦ ይኖረዋል። ጥርጣሬ ካለ ሐሽማልናይ መጠየቅ ይረክሳል።

እንጨቱና ብረቱ

ለመካከል ድምፅ ማጉያ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ ይበቃል፤ ለሳውንድባር ርዝመቱ ከ90 እስከ 100 ይሆናል። ውፍረቱ ከ18 ሚሊ ሜትር አያንስ። የጥድ ጣውላ ጥሩ ነው፤ ኮምፔንሳቶም፣ እዚህ ዲክት ወይም ሳንድዊች የሚባለው፣ እጅግ ጠንካራ ነው። ችፕውድ፣ በዕብራይስጥ ሲቢት፣ ርካሽ ቢሆንም ከጊዜ ጋር መካከሉ ይጎብጣል፣ ብሎንም ከጠርዙ አጠገብ ሲገባ ይፈረካከሳል። እሱን ለመጠቀም የተገደደ ሰው በማዕዘን ብረቶቹ መካከል ያለውን ርቀት ከ50 ሴንቲ ሜትር እንዳያሳልፍ።

ቁራጭ እንጨት በገንዘብ ከመግዛት በፊት መጠየቅ የሚገባው ናጋሪያ፣ የአናጢ ቤት ነው። ቁርጥራጭ፣ ሸኤሪዮት፣ አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ በትንሽ ዋጋ ወይም በነፃ ይገኛል። መንገድ ዳር ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው አጠገብ የሚጣል የመጽሐፍ መደርደሪያና የአልጋ ጣውላም ይሠራል። ግን የተጣለ የአልጋ እንጨት ከነትኋኑ ቤት ሊገባ ይችላል፤ ቀዳዳውና መገጣጠሚያው በባትሪ ብርሃን ሳይታይ ደጅ ላይ ይቆይ። ከዕቃ መጫኛ ፓሌት የሚወጣ እንጨት ከሆነ ማኅተሙ ይነበብ። በላቲን ፊደል ኤች ቲ የሚል ከሆነ በሙቀት የታከመ ነው፣ ይሆናል፤ ኤም ቢ የሚል ከሆነ በመርዝ ጋዝ የታከመ ስለሆነ ለቤት ዕቃ አይሁን።

ማዕዘኑ ዛቪት ወይም ቶሜኽ ማዳፍ ተብሎ ይጠየቃል። ቅርፁ እንደ «ገ» ፊደል ነው፦ ረጅሙ እግር ግድግዳው ላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ አጭሩ ጣውላውን ይሸከማል። ብዙ ሰው ገልብጦ አጭሩን ግድግዳ ላይ ያደርጋል፤ ጉዳቱን ሒሳቡ ያሳያል። ድምፅ ማጉያውና ጣውላው በአንድ ላይ 8 ኪሎ ቢሆኑና ክብደቱ ከግድግዳው 12 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቢያርፍ፣ የብረቱ የግድግዳ እግር 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የላይኞቹን ብሎኖች የሚነቅለው ኃይል 8 በ12 ተባዝቶ ለ15 ተካፍሎ 6.4 ኪሎ ነው። ለሁለት ማዕዘን ሲካፈል ብዙ አይደለም። አንድ 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከፊት ጠርዙ፣ ከግድግዳው 24 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ቢንጠለጠልበት ግን 48 ኪሎ ይሆናል። የግድግዳ እግሩ 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ከ100 ኪሎ ያልፋል። መደርደሪያ የሚሠራው ለድምፅ ማጉያው ክብደት ሳይሆን ለዚያ ልጅ ነው።

የቀረው የታወቀ ነው፦ ሜትር፣ እርሳስ፣ ካቻቢቴ፣ ውሃ ልክ (ፔሌስ)፣ የብርጭቆ ወረቀት። የመጨረሻው በዕብራይስጥም ንያር ዝኹኺት፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ስለሚባል ስሙን ተርጉሞ መጠየቅ ብቻ ይበቃል። መሰርሰሪያ ለአንድ መደርደሪያ ተብሎ አይገዛም። ጎረቤት ያውሳል፤ ካልሆነም ኢየሩሳሌም ውስጥ ከሙሽራ ልብስ እስከ ወንበር ድረስ በነፃ ከሚያውሱት ገማኾች መካከል የሥራ መሣሪያ የሚያውስም ይገኛል።

መግጠም

ጣውላው በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልስና ከተፈለገ ይቀባል፤ ከግድግዳው ቀለም ጋር የተመሳሰለ መደርደሪያ ዓይን አይስብም። መሰርሰር የሚጀመረው ሰዓት ታይቶ ነው። ከጠዋቱ 7፡00 በፊትና ከምሽቱ 19፡00 በኋላ አይሆንም። ከ14፡00 እስከ 16፡00 ያለው ጊዜም የዕረፍት ሰዓት ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላና በሰንበት ጨርሶ አይነሳም። ለጎረቤት ቀድሞ መንገር ደግሞ የሕግ ጉዳይ ሳይሆን የጨዋነት ነው።

ቴሌቪዥኑ ከቦታው ይነሳል ወይም በብርድ ልብስ ይሸፈናል። ከሚበሳው ቦታ ሥር የተከፈተ ፖስታ በፕላስተር ቢለጠፍ ዱቄቱን ይቀበላል። በመጀመሪያ የአንዱ ማዕዘን የላይኛው ቀዳዳ ብቻ ይበሳል፤ ጥልቀቱ ከዲቤሉ በ1 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ፤ መለኪያውም ፑንታው ላይ የሚጠመጠም ፕላስተር ነው። ዲቤሉ ከልስኑ አልፎ የግድግዳውን አካል መያዝ አለበት። በአሮጌዎቹ ሽኩኖች ልስኑ ወፍራምና የሚፈረፈር ሊሆን ስለሚችል፣ አጭር ዲቤል ልስኑን ብቻ ይዞ ለሳምንት ያህል የቆመ ሊመስል ይችላል። ማዕዘኑ በዚያች አንድ ብሎን ይሰቀልና ቀጥ መሆኑ ታይቶ የታችኛው ምልክት ይደረጋል። ከዚያ ጣውላው በላዩ ተጋድሞ፣ ውሃ ልክ ተደርጎበት የሁለተኛው ማዕዘን ቦታ ይወሰናል። ሁሉንም ቀዳዳ በአንድ ጊዜ ለክቶ መብሳት ፈጣን ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ቀዳዳ በ3 ሚሊ ሜትር ይስታል።

ድምፅ ማጉያው ከመቀመጡ በፊት መደርደሪያው ይፈተን። የ1.5 ሊትር ውሃ ጠርሙስ 1.5 ኪሎ ነው፤ አንድ ባለ ስድስት እሽግ 9 ኪሎ። ሁለት እሽግ ተጭኖበት፣ ከሥሩ ምንም ሳይኖር፣ አንድ ሌሊት ይደር። ጠዋት ብሎኖቹ ዙሪያ ስንጥቅ ከታየ ወይም ማዕዘኑ ከግድግዳው ትንሽ እንኳ ከራቀ ዲቤሉ አልያዘም ማለት ነውና ተነቅሎ በሌላ ዓይነት ይተካ።

ድምፅ ማጉያው ሲቀመጥ ፊቱ ከጣውላው የፊት ጠርዝ እኩል ይሁን ወይም በትንሹ ወጣ ይበል። ወደ ውስጥ ከገባ ከፊቱ የቀረው ጣውላ ድምፁን እየመለሰ ያደባልቀዋል። ከጀርባው ቀዳዳ ያለው ከሆነ ከግድግዳው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ከሥሩ ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጡ አራት ቁራጮች ቢገቡ ሁለት ጥቅም አላቸው፦ መንሸራተትን ይከለክላሉ፣ ንዝረቱም በግድግዳው አልፎ ወደ ጎረቤት መኝታ ቤት እንዳይሄድ ይቀንሳሉ። ከፊት ጠርዙ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ቀጭን እንጨት እንደ ገደብ ይለጠፋል፤ ከኋላ ደግሞ ድምፅ ማጉያው በጠንካራ ማሰሪያ ከማዕዘኑ ጋር ይታሰራል። አገሩ በሙት ባሕር ስምጥ ሸለቆ ዳር ያለ ነው፤ ሐምሌ 1927 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ኢየሩሳሌም ውስጥም ቤቶችን ጎድቷል። ማሰሪያው የሚጠይቀው አምስት ደቂቃ ብቻ ነው።

ግድግዳ ለማይነካ ቤት

ለተከራይ መብሳት ሁልጊዜ አይፈቀድም፤ ቢፈቀድም የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ፣ በስልክ መልእክትም ቢሆን፣ መያዝ በኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል። ፒኑይ ቢኑይ የሚጠብቅ ቤተሰብም ቢሆን ነቅሎ የሚሄድበትን ነገር ቢሠራ ይመርጣል። ለእንዲህ ያለው ቤት የሚሻለው ቅርፁ እንደ «በ» ፊደል የሆነ መደርደሪያ ነው፦ በቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ጠረጴዛው ላይ የሚቆሙ ሁለት ጣውላዎችና ከላይ የሚጋደም አንድ።

ከላይ ለተጠቀሰው 43 ኢንች ቴሌቪዥን በሁለቱ ቋሚዎች መካከል 103 ሴንቲ ሜትር ይተዋል፤ ውፍረታቸው 1.8 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የላይኛው ጣውላ 106.6 ይቆረጣል። የቋሚዎቹ ቁመት 72 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የዚህ ቅርፅ ድክመት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከ100 ሴንቲ ሜትር በላይ የተጋደመ ጣውላ መካከሉ ይጎብጣል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠባብ እንጨት በጠርዙ ቆሞ ከሥሩ በርዝመቱ ሲታሰር ይህ ይቀራል። ሁለተኛው ይብሳል፦ ከጎን ሲገፋ እንደ ካርቶን ሳጥን ይተጣጠፋል። የላይኞቹ ሁለት ማዕዘኖች በሦስት ማዕዘን ቁራጭ እንጨት ወይም በብረት ማዕዘን ካልተጠናከሩ የመጀመሪያው ልጅ ሲደገፈው ቴሌቪዥኑ ላይ ይወድቃል። እግሮቹም ከጠረጴዛው ጋር በትንንሽ ማዕዘን ብረት ይታሰሩ። ጠረጴዛው ራሱ ቀላልና ጠባብ ከሆነ ይህ መደርደሪያ ጭራሽ አይሠራበት።

መደርደሪያን በቴሌቪዥኑ ጫፍ ላይ ማሳረፍ ወይም መለጠፍ በየትኛውም ቤት አይሞከር። የስክሪኑ ጠርዝ ምንም ክብደት እንዲሸከም አልተሠራም።

ማገናኘትና ማስተካከል

ሳውንድባር በኤችዲኤምአይ ገመድ ሲገናኝ በቴሌቪዥኑ ላይ ኤ አር ሲ የሚል ጽሑፍ ያለበት ቀዳዳ ይመረጣል፤ በዚህ መንገድ አንዱ ሪሞት ሁለቱንም ያዛል፣ ለአዛውንት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ገመዱ ከመደርደሪያው ጀርባ ከማዕዘኑ ጋር ይታሰር እንጂ ተንጠልጥሎ አይቀመጥ። የቴሌቪዥኑ የራሱ ድምፅ ይጠፋ፤ ሁለቱ አብረው ከሠሩ ንግግሩ እንደ ገደል ማሚቶ ይደገማል። ንግግርን የሚያጎላ ምርጫ ካለ ይከፈት፣ ወፍራሙ ድምፅ ዝቅ ይበል። ከሳውንድባሩ ጋር የሚመጣው ትልቁ የወፍራም ድምፅ ሳጥን በሽኩን ውስጥ ለዜና አያስፈልግም፤ ከታችኛው ፎቅ ጋር ከሚያጣላ ሳጥኑ ውስጥ ይቆይ።

ከአንድ ወር በኋላ ብሎኖቹ በካቻቢቴ ይነኩ፤ አዲስ እንጨት ሲደርቅ ትንሽ ስለሚሸበሸብ የላሉ ይኖራሉ። ቤት ሲለቀቅ ደግሞ ብሎኖቹ ይፈታሉ፣ ዲቤሎቹ በፒንሳ ይሳባሉ፤ አልወጣ ያለው ዲቤል በመዶሻ ትንሽ ወደ ውስጥ ይገፋል። ቀዳዳው ሽፓኽቴል በሚባለው መድፈኛ በሁለት ጊዜ ይሞላል፣ መጀመሪያ ውስጡ፣ ከደረቀ በኋላ ገጹ፤ በብርጭቆ ወረቀት ይታሽና ይቀባል።